የሙዚቃ ማጫወቻ ልግዛ ወይስ ስልኬ ይበቃኛል?

የመጀመሪያውን ደህና የሙዚቃ ማጫወቻ የገዛሁ ዕለት ማታ ከካርቶኑ አወጣሁት፣ ቻርጅ አደረግሁት፣ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁና የማጫውተው ዘፈን አጣሁ። ለዓመታት ሙዚቃ ስሰማ የኖርኩት በየወሩ እየከፈልኩ በስልኬ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖችን "የእኔ" በሚል ዝርዝር ሰብስቤያለሁ፤ በእጄ ያለ ፋይል ግን አንድም አልነበረኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ዕቃው ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ተኛ፤ እኔም ሦስት ሳምንት የድሮ ሲዲዎቼን ወደ ላፕቶፕ ስገለብጥ ከረምኩ።

ከዚያ ወዲህ "ማጫወቻ ልግዛ ወይስ በስልኬ ልቀጥል?" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ስለ ድምፅ ጥራት ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ዘፈኖችህ የት ናቸው? መልሱ "አፑ ውስጥ" ከሆነ ምክሬ አንድ ነው፤ "ሃርድ ዲስኬ ላይ" ከሆነ ሌላ ነው። ሁለቱን ምርጫዎች አጥብቆ የሚለያቸው ይህ ነው። ድምፁም የራሱ ነገር አለው፤ እመጣበታለሁ።

ማጫወቻ ስንል የትኛውን?

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን ለገበያ ሲያቀርብ የኪስ ማጫወቻ ማለት ካሴት ነበር። በ1998 የመጀመሪያዎቹ የኤምፒ3 ማጫወቻዎች ወጡ፤ ከእነሱ አንዱ የነበረው ሪዮ ፒኤምፒ300 ውስጡ ያለው ቦታ 32 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ጥራቱን ዝቅ ካላደረጉት አንድ ሙሉ አልበም እንኳ በደንብ አይይዝም ነበር። በ2001 አፕል 5 ጊጋባይት የሚይዘውን አይፖድ "1,000 ዘፈን በኪሳችሁ" ብሎ አመጣ። ከዚያ ስልክ መጣና ካሜራውንም፣ ሰዓቱንም፣ ማጫወቻውንም ዋጠ። በሜይ 2022 አፕል የአይፖድ ምርት ማብቃቱን ሲያስታውቅ ብዙ ሰው የማጫወቻ ነገር ያኔ ያከተመ መሰለው።

አላከተመም። ሦስት ዓይነት ሆኖ ቀጠለ። አንደኛው ትንሿ፣ ባለ ቁልፍ፣ ልብስ ላይ የምትቆነጠጠው ናት፤ ለሩጫና ለስፖርት የሚይዟት። ሁለተኛው እንደ ፊዮ፣ ሃይቢና ሻንሊንግ ያሉ አምራቾች የሚሠሩት፣ የራሱ ቀላል ሶፍትዌር ያለው፣ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበልና ለድምፅ ተብሎ የተመረጠ ቺፕ የገባበት ነው። ሦስተኛው አንድሮይድ የሚጠቀመው፣ ዋይፋይ ያለው ትልቁ ነው፤ የሶኒ የዛሬዎቹ ዎክማኖች አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሲም ካርድ የሌለው ስልክ ነው ብትሉት አልተሳሳታችሁም። ሙዚቃን በኢንተርኔት የሚያጫውቱት የስትሪሚንግ አፖች፣ ስፖቲፋይም፣ አፕል ሚዩዚክም፣ ታይዳልም ይጫኑበታል። ስለዚህ "ማጫወቻ ወይስ ስትሪሚንግ" የሚለው ክርክር ከሦስተኛው ዓይነት ጋር ሲደርስ ትርጉም ያጣል፤ እዚያ ላይ የሚቀረው ጥያቄ "ሁለተኛ ስክሪን ኪሴ ውስጥ እፈልጋለሁ ወይ?" የሚል ነው።

ድምፁ እውነት ይለያል?

ሊለያይ ይችላል። ግን ሰዎች በሚያስቡት ቦታ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

አንድ ዘፈን ከፋይል ተነሥቶ ጆሯችሁ እስኪደርስ አራት በሮች ያልፋል። መጀመሪያ ፋይሉ ራሱ አለ። ቀጥሎ ቁጥሮቹን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ቺፕ፣ በአጠራሩ "ዳክ"፣ ይመጣል። ሦስተኛው ያንን ደካማ ሞገድ አጉልቶ የሚገፋው አምፕሊፋየር ነው። አራተኛው የጆሮ ማዳመጫው። ማጫወቻ ስትገዙ የምታሻሽሉት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በር ነው። በጆሮ ጎልቶ የሚሰማው ልዩነት ግን ከአራተኛው ይመጣል፤ ሁለት የተለያዩ የጆሮ ማዳመጫዎችን እያቀያየረ የሰማ ሰው ልዩነቱን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። ሁለት የተለያዩ ጥሩ ዳኮችን መለየት ግን ባለሙያንም ያልባል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫውን ግዙ፤ ማጫወቻው ይቆይ።

አሁን የብዙ ሰው ዕቅድ የሚፈርስበት ነጥብ ላይ ደረስን፤ ብሉቱዝ። ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ከላይ ያልኳችሁ ሁለተኛውና ሦስተኛው በር ያሉት ጆሯችሁ ውስጥ በገባው ዕቃ ውስጥ እንጂ በኪሳችሁ ውስጥ አይደለም። ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚቀይረው የጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ያለው ትንሽ ቺፕ ነው። ማጫወቻው ውስጥ ያለው ውድ ዳክ ያን ሰዓት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በዚያ ላይ ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ ነው የሚልከው፦ ሁሉም ዕቃ የሚረዳው ኤስቢሲ የተባለው ዘዴ እስከ 328 ኪሎቢት በሰከንድ፣ የሶኒው ኤልዳክ ደግሞ እስከ 990 ኪሎቢት። ሲዲ ሳይጨመቅ 1,411 ኪሎቢት ነው። እንግዲህ ኤልዳክ እንኳ ለሲዲ የሚሆን ስፋት የለውም፤ አይፎን ደግሞ ኤልዳክን ከነጭራሹ አያውቀውም። ለብሉቱዝ ብላችሁ ውድ ማጫወቻ መግዛት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። በገመድ የምትሰሙ ከሆነ ብቻ ቀጥሉ።

ስለ ፋይሉ ደግሞ። ሲዲ የተመሠረተው በሰከንድ 44,100 ጊዜ በሚወሰድ ናሙናና በ16 ቢት ላይ ነው። ይህ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ በወጣትነቱ እንኳ የሚደርሰው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ሲሆን ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ያሉት፣ "ሃይ ሬዝ" የሚባሉት ባለ 24 ቢትና ባለ 192 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 192,000 ናሙና የሚወሰድባቸው) ፋይሎች፣ የሲዲን ስድስት እጥፍ ተኩል ቦታ ይወስዳሉ። ለስቱዲዮ ሥራ ጥቅም አላቸው። ለማዳመጥ ግን እኔ ልዩነታቸውን ሰምቼ አላውቅም፤ ሰማሁ ያሉኝ ወዳጆቼም ዓይናቸውን ጨፍነው ሲፈተኑ ግምት ነው የሆነባቸው።

ስትሪሚንጉ በፊት የሚታማበት የጥራት ጉድለትም ዛሬ አብዛኛው ተነሥቷል። አፕል ሚዩዚክ ከጁን 2021 ጀምሮ ሳይቀነስ የተጨመቀ ድምፅ ያቀርባል፤ ታይዳልና ኮባዝ ከዚያም በፊት ያቀርቡ ነበር። ለዓመታት በ320 ኪሎቢት የቆየው ስፖቲፋይም በሴፕቴምበር 2025 ለከፋይ ደንበኞቹ ባለ 24 ቢትና ባለ 44.1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ጀመረ። በፋይል ጥራት ብቻ ማጫወቻው ያሸንፍ የነበረበት ዘመን አልፏል። አንድ ነገር ግን አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ አፖች ሲጫኑ ጥራቱን መካከለኛ ላይ ወይም "እንደ ኔትወርኩ" ላይ አድርገው ነው የሚመጡት። ሴቲንጉን ሳይከፍቱ "ስትሪሚንግ ድምፁ ደካማ ነው" የሚሉ ሰዎችን አውቃለሁ።

ታዲያ ማጫወቻው በድምፅ የሚያሸንፈው የት ነው? በአምፕሊፋየሩ። አንዳንድ ትልልቅ የጆሮ ማዳመጫዎች ለመነሣት ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ለምሳሌ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው 300 ኦም ነው። ስልክ ላይ በትንሽ ማስተላለፊያ ስትሰኩት ይሰማል፤ ግን መጠኑን እስከ ጥግ ገፍታችሁም ቢሆን ሙዚቃው የተኛ ይመስላል። ጉልበት ያለው ማጫወቻ ላይ ያው ማዳመጫ ይነቃል። በተቃራኒው ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትናንሽ ማዳመጫዎች በጥቂት ጉልበት ይጮኻሉ፤ እነሱን ኃይለኛ ማጫወቻ ላይ ስትሰኩ ከዘፈኑ ጀርባ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ማጫወቻ ሁሉ ለእናንተ ጆሮ የተሻለ ነው ማለት አይደለም።

አንድ መካከለኛ መንገድም አለ፤ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የምመክረውም እሱን ነው። አይፎን 7 በ2016 የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን ካስቀረ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት፤ በዚህ ምክንያት ስልኩ ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ላይ የሚሰኩ ጣት የማያህሉ ዳኮች በገበያ ላይ በዙ። ውስጣቸው ዳክም አምፕሊፋየርም አለ። ከእነሱ ጥሩው ከብዙ መካከለኛ ማጫወቻዎች ጋር በድምፅ እኩል ይቆማል፤ ዋጋው ግን ከማጫወቻ ዋጋ ትንሽ ቁራሽ ነው። ጉድለቱ የስልካችሁን ባትሪ መብላቱ፣ ኪስ ውስጥ መንጠልጠሉና ሲነካካ አንዳንዴ መቋረጡ ነው። አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ሲስተሙ ድምፁን ሁሉ ቀላቅሎ ብዙ ጊዜ ወደ 48 ኪሎኸርዝ የሚቀይርበት ልማድ አለው። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ይህን ቅየራ የሚያልፉበት መንገድ ቢከፈትም አፑ ካልተጠቀመበት ትርጉም የለውም።

ራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ አንድ ወዳጅ ጥሩ። አንድ ዓይነት ዘፈን፣ አንድ ዓይነት የጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለት ዕቃ። የድምፁን መጠን በጥንቃቄ እኩል አድርጉ፤ ጆሮ ሁልጊዜ የጮኸውን "የጠራ" ነው የሚለው፤ ብዙ ግምገማዎች የሚሳሳቱት በዚህች ብቻ ነው። ከዚያ ወዳጃችሁ ሳታዩ እየቀያየረ ይስጣችሁ፤ አሥር ጊዜ ገምቱ። ዘጠኝ ከመታችሁ ማጫወቻው ለእናንተ ነው። አምስትና ስድስት ከሆነ ስልካችሁ ይበቃችኋል። እኔ ስንት እንዳመጣሁ አትጠይቁኝ።

የራስ ቤትና የኪራይ ቤት

ስትሪሚንግ ኪራይ ነው። ሰፊ፣ ያማረ፣ ምንም ጥገና የማይጠይቃችሁ ቤት ነው፤ ግን የባለቤቱ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ሲቆም በሩ ይዘጋል። ከመስመር ውጭ ለመስማት ያወረዳችኋቸው ዘፈኖችም ቢሆኑ የተቆለፉ ናቸው፦ ስፖቲፋይ በአንድ ዕቃ ላይ እስከ 10,000 ዘፈን እንድታወርዱ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ቢያንስ በየ30 ቀኑ አንዴ ኢንተርኔት ካላገኛችሁ ይጠፉባችኋል። ያወረዳችሁትን ገልብጣችሁ ወደ ማጫወቻ ካርድ ማስገባትም አትችሉም፤ ያ ፋይል ከአፑ ውጭ አይከፈትም። ይህን ሳያውቁ ማጫወቻ የገዙ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ እኔ ነበርኩ ብያለሁ።

ባለቤቱ ዕቃ ሊያነሣም ይችላል። በጃንዋሪ 2022 ዘፋኞቹ ኒል ያንግና ጆኒ ሚቸል ሥራዎቻቸውን ከስፖቲፋይ አስነሥተው አድማጮቻቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ዝርዝራቸው ባዶ ሆኖ አገኙት፤ የተመለሱት በ2024 ነው። ያ ዜና የሆነው ሰዎቹ ታዋቂ ስለሆኑ ነው። የፈቃድ ውል ሲያልቅ ወይም አሳታሚው ሲቀየር በየጊዜው ያለ ዜና የሚጠፉት ይበዛሉ። እኔ ራሴ ለዓመታት የሰበሰብኩት አንድ ዝርዝር ውስጥ በየመሃሉ የደበዘዙ፣ ሲነኩ የማይከፈቱ ስሞች አሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹን ዘፈኑን እንኳ ምን እንደነበር አላስታውሰውም፤ ወድጄው እንደነበር ብቻ ነው የማውቀው።

የራስ ቤት ግን ሣሩን የሚያጭደው ባለቤቱ ነው። ፋይል መሰብሰብ ሥራ አለው። ምንጮቹ ጥቂት ናቸው፦ ከድሮ ሲዲ መገልበጥ፣ ወይም ባንድካምፕንና የኮባዝን ሱቅ ከመሳሰሉ ቦታዎች ፋይሉን መግዛት። የአፕሉ አይቲዩንስ ሱቅም ከ2009 ጀምሮ የሚሸጣቸው ዘፈኖች ቁልፍ የላቸውም፤ ወደ ፈለጋችሁት ዕቃ ይሄዳሉ። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ የአልበሙ ስም፣ የዘፋኙ ስም፣ ቁጥሩ፣ ሽፋኑ በትክክል መጻፍ አለበት። አንድ ዘፋኝ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ከተመዘገበ ማጫወቻው ሦስት ሰው አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ። ይህን ሥራ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽፋን እየፈለጉ ሲለጥፉ የሚደሰቱ። እኔ እንደዚያ ነኝ። ይህን ስታነቡ ድካም ከተሰማችሁ ግን መልሳችሁን አግኝታችኋል።

ካርዱም ሟች ነው። አንድ ጊዜ 128 ጊጋባይት ካርዴ ያለ ማስጠንቀቂያ ተበላሽቶ ማጫወቻው "ካርድ የለም" አለኝ። ያዳነኝ ላፕቶፑ ላይ የቀረው ቅጂ ነው። የፋይል ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት ቦታ ላይ ካላስቀመጠ ባለቤትነቱ ከተከራዩ የባሰ ነው፤ ተከራዩ ቢያንስ ስልኩ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ስሙን አስገብቶ ሁሉንም ያገኛል።

ለስትሪሚንጉም የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። አዲስ ዘፋኝ ማግኘት፣ ሰው የጠቀሰላችሁን አልበም በአሥር ሴኮንድ ውስጥ መክፈት፣ ያልወደዳችሁትን ያለ ጸጸት መተው፤ ይህን ማጫወቻ አይሰጣችሁም። ሰፊ የሚሰማ፣ ዛሬ ጃዝ ነገ ሌላ የሚል ሰው በማጫወቻ ይታፈናል። ማጫወቻ የሚስማማው የሚወደውን አውቆ ደጋግሞ ለሚሰማ ነው።

ዳታና ባትሪ

ይህ ክፍል ሒሳብ ነው። በ320 ኪሎቢት የሚመጣ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት ከሰማችሁ በወር 8.6 ጊጋባይት ገደማ ሆነ ማለት ነው። ጥራቱን ወደ 96 ኪሎቢት ብታወርዱት 2.6 ጊጋባይት ይሆናል። ሲዲን የሚያህል ያልተቀነሰ ድምፅ ብትመርጡ ደግሞ፣ ጭመቃው እንደ ሙዚቃው ዓይነት ቢለያይም፣ 20 ጊጋባይትን አልፎ ይሄዳል። በዋይፋይ አስቀድሞ ማውረድ ይህን ችግር ያቃልለዋል፤ አብዛኛው ሰው ግን ማውረዱን የሚያስታውሰው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው።

ማጫወቻ ዳታ አይጠይቅም። 256 ጊጋባይት ካርድ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወደ 1,770 ሰዓት ሙዚቃ፣ ፍላክ በሚባለው ምንም በማይቀነስበት ጭመቃ ደግሞ በግምት 650 ሰዓት ይይዛል። ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ላይ፣ አውሮፕላን ውስጥ፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ጥያቄ ይጫወታል።

በባትሪ በኩል ሰው የሚጠብቀውና የሚያገኘው ይለያያል። ትንሿ ባለ ቁልፍ ማጫወቻ ቀናት ትቆያለች። ትልቁ የአንድሮይድ ማጫወቻ ግን ዋይፋይ ከፍታችሁ ብትሰሙበት እንደ ስልክ በየማታው ቻርጅ ይፈልጋል፤ አንዳንዱም ይሞቃል። ዋናው የማጫወቻ ጥቅም የራሱ ባትሪ መርዘም አይደለም፤ የስልካችሁን ባትሪ አለመንካቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ስልካቸው 9 በመቶ ላይ የሚደርስባቸው ሰዎች ይህን ሳልነግራቸው ይረዱኛል።

ማንም የማያቋርጣችሁ ሰዓት

አሁን ወደ እኔ እውነተኛ ምክንያት መጣሁ። በስልክ አልበም ጀምሬ የጨረስኩበት ቀን ጥቂት ነው። በሁለተኛው ዘፈን ላይ መልእክት ይገባል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ማን እንደሆነ ላይ ብዬ እከፍታለሁ፣ ከዚያ ሌላ ነገር አያለሁ፤ አሥር ደቂቃ ቆይቼ ሙዚቃው እየተጫወተ እንደነበር ትዝ ይለኛል። አፑ ራሱም ዝም አይልም፤ አዲስ ነገር ወጥቷል፣ ይህን የወደደ ያን ወዷል፣ አልበሙ ሲያልቅ ደግሞ ሳልጠይቀው የራሱን ምርጫ ይቀጥላል። ማጫወቻው አልበሙ ሲያልቅ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያወቅሁት ከገዛሁት በኋላ ነው።

"ስልክህን አትረብሽ ላይ አድርገው" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትክክል ነው፣ በነፃ ነው፣ ለብዙ ሰውም ይሠራል። ለእኔ አልሠራም፤ ስልኩ እጄ ላይ ካለ እከፍተዋለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ሞክሩት፤ ከሠራላችሁ ገንዘባችሁን አትርፋችኋል።

እዚሁ ላይ ከሁሉ የረከሰውን መፍትሔ ልንገራችሁ። መሳቢያችሁ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ የድሮ ስልክ ካለ ሲሙን አውጡ፣ ከሙዚቃ ማጫወቻ አፕ በቀር ሁሉንም አጥፉ፣ በአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው የድሮ ስልክ ከሆነ ደግሞ ከብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ይበልጣል። ለልጅ ሙዚቃ መስሚያም ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ስልኩ ለሁለት ወር ካገለገላችሁና "የተሻለ ድምፅ ቢኖረው" ማለት ከጀመራችሁ፣ ያን ጊዜ ማጫወቻ ግዙ።

ማጫወቻ የሚያናድድበት

ሶፍትዌራቸው። አምራቾቹ ትናንሽ ስለሆኑ ቺፑ ላይ የሚያወጡትን ጥንቃቄ ሜኑው ላይ አያወጡትም። ስክሪኑ ጣትን ዘግይቶ ይሰማል፣ ፍለጋው ይንቀራፈፋል፣ ትርጉሙ ያልገባ ቃል በሜኑው ላይ ታነባላችሁ። የአንድሮይዶቹ ደግሞ ሲወለዱ ያረጁ ናቸው፤ የሶኒው ኤንደብሊው-ኤ306 በ2023 ሲወጣ አንድሮይድ 12 ይዞ ነበር፣ አንድሮይድ 13 ግን በ2022 ወጥቶ ነበር። ሥራው ፋይል ማጫወት ከሆነ ይህ አያሳስብም፤ በስትሪሚንግ አፕ ልትጠቀሙበት ከሆነ ግን አፖቹ የድሮ አንድሮይድን መደገፍ የሚያቆሙበት ቀን ይመጣል። ባትሪያቸውም የታሸገ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ይደክማል፣ መቀየሪያ ማግኘትም ከስልክ ይከብዳል።

ስለ ጆሮ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስልኮች መጠኑን መዝግበው ያስጠነቅቃሉ። ማጫወቻዎች ብዙዎቹ አያስጠነቅቁም፤ ጉልበታቸው ግን ይበልጣል። የአምፕሊፋየሩን ጉልበት የሚወስነውን "ጌን" የሚለውን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ፣ መጠኑን ከዜሮ ጀምራችሁ ከፍ አድርጉ። ጆሮ ማዳመጫውን ከማጥለቃችሁ በፊት።

ለማን የቱ?

በብሉቱዝ ለሚሰማ፣ አዲስ ሙዚቃ ለሚያሳድድ፣ ፋይል ለማደራጀት ትዕግሥት ለሌለው ሰው ስልኩ ይበቃል፤ ምንም አይግዛ። ይህ አብዛኛው ሰው ነው፤ የማጫወቻ ወዳጅ ሆኜ ይህን ስናገር አላፍርም።

በገመድ ለሚሰማና ድምፁ እንዲሻል ለሚፈልግ፣ ነገር ግን ስትሪሚንጉን ለማይለቅ፦ ደህና የጆሮ ማዳመጫና ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዳክ። በዚህ ጨርሱ።

የራሱ የፋይል ክምችት ላለው፣ ወይም ለመሰብሰብ ከልቡ ለቆረጠ ሰው፦ ካርድ የሚቀበል፣ አንድሮይድ የሌለው መካከለኛ ማጫወቻ። ለእኔ የገንዘብና የደስታ ሚዛኑ የሚቆመው እዚህ ነው። ለሚሮጥ ሰው ትንሿ ባለ ቁልፍ፤ ለዋናተኛ ደግሞ ብሉቱዝ ውኃ ውስጥ ስለማያልፍ ሙዚቃው ራሱ ማዳመጫው ውስጥ የሚቀመጥበት ዓይነት። ትልቁን የአንድሮይድ ማጫወቻ የምመክረው ጉልበት የሚፈልግ የጆሮ ማዳመጫ ያለው፣ ፋይልም ስትሪሚንግም የሚሰማ፣ ስልኩን ግን ከሙዚቃው መለየት ለሚፈልግ ነው። ሦስቱም ካልተሟሉ ሁለት ስልክ ይዛችሁ መዞር ነው የሚሆነው።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ደግሞ ማስታወቂያው የማይነግራችሁን ፈልጉ። ምን ያህል ጊጋባይት ካርድ ይቀበላል? አንዳንድ ርካሾች ከ32 ጊጋባይት በላይ ያለውን ካርድ እንደ መጣ አያነቡትም፤ ፎርማቱ መቀየር አለበት። በአንድ ዘፈንና በቀጣዩ መካከል ክፍተት ሳይፈጥር ያጫውታል? የመድረክ ቅጂ የሚሰማ ሰው በየዘፈኑ መሃል ጭብጨባው ሲቆረጥ ያብዳል። ኪስ ውስጥ ሳለ ሳያዩት የሚሠሩ ቁልፎች አሉት? ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፈ የዘፈን ስም ያሳያል ወይስ ባዶ ሳጥን ብቻ ይደረድራል? ዘፈኖቹን በቁጥራቸው ይደረድራል ወይስ ወደ ካርዱ በገቡበት ቅደም ተከተል? የእኔ የመጀመሪያ ርካሽ ማጫወቻ ሰባተኛውን ዘፈን ሁልጊዜ መጀመሪያ ያጫውት ነበር፤ ዛሬም ያን አልበም በሌላ ዕቃ ስሰማው የተሳሳተ ይመስለኛል።

እነዚህን ሁሉ በጥቂት ዘፈን አትፈትኑ። መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ ካርዱን እስኪሞላ ጫኑ፣ ክፈቱት፣ ዝርዝሩን አንብቦ እስኪጨርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩ፣ ከዚያ እስከ ታች ድረስ ወርዳችሁ የመጨረሻውን አልበም ክፈቱ። በአሥር ዘፈን ፈጣን የነበረው ዕቃ በአሥር ሺህ ሲቆምባችሁ የምታዩት ያኔ ነው።